ብርሃን በሽታን ሲገልጥና ሲያክም

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ብርሃን ስናስተምር ስለ ነጸብራቅና ስለ ስብረት ብዙ እንናገራለን። ብርሃን በአንድ ነገር ከተዋጠ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳናነሣ እናልፋለን። ይሁን እንጂ ዛሬ ሐኪሞች አንዳንድ በሽታዎችን የሚለዩትና የሚያክሙት በዚሁ በተዋጠው ብርሃን ነው። በዚህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንደተገኘና እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ እንመለከታለን።

፩. የአንድ ተማሪ ሙከራ

እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ኦስካር ራብ የተባለ የሕክምና ተማሪ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ በፕሮፌሰር ሄርማን ፎን ታፓይነር ሥር ይሠራ ነበር። ሥራውም አክሪዲን የተባለው ንጥረ ነገር ባለ አንድ ሕዋስ የሆነውን ፓራሚሲየምን ምን ያህል እንደሚመርዝ ማጥናት ነበር። የአክሪዲኑ መጠን ሳይለወጥ ፓራሚሲየሞቹ አንድ ጊዜ ፈጥነው፣ ሌላ ጊዜ ብዙ ቆይተው ይሞቱ ነበር። ራብ ይህን ልዩነት ችላ አላለም፤ በቤተ ሙከራው ውስጥ የነበረው ብርሃን በየጊዜው እንደሚለያይ አስተዋለ። አክሪዲኑን በጨለማ፣ ብርሃኑን ያለ አክሪዲን፣ በመጨረሻም ሁለቱን በአንድነት ሲሞክር፣ በፍጥነት የሚገድለው የሁለቱ መገናኘት ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1900 ታተመ። ፎን ታፓይነርና ባልደረቦቹም ለዚህ ድርጊት ኦክሲጅን አስፈላጊ መሆኑን ቀጥለው አሳዩ።

፪. የተዋጠው ብርሃን ወዴት ይሄዳል?

አንድ ሞለኪውል ብርሃን ሲውጥ ተጨማሪ ኃይል ያገኛል። ይህን ኃይል ለረጅም ጊዜ ይዞ ሊቆይ ስለማይችል በሚከተሉት መንገዶች ያወጣዋል።

ሀ) በሙቀት መልክ ይለቀዋል።
ለ) መልሶ በብርሃን መልክ ያወጣዋል። ይህ ብርሃን ከተዋጠው ይልቅ ረዘም ያለ የሞገድ ርዝመት ስላለው ቀለሙ የተለየ ነው፤ ድርጊቱም ፍሎረሰንስ ይባላል።
ሐ) በአጠገቡ ላለው ኦክሲጅን ያስተላልፈዋል። ኃይል ያገኘው ኦክሲጅን የሕዋሱን ክፍሎች ያጠቃል፤ ዕድሜው እጅግ አጭር በመሆኑም ጉዳቱ ከቅርብ አካባቢው አያልፍም።

እንግዲህ ሁለተኛው መንገድ በሽታን ለመለየት፣ ሦስተኛው ደግሞ ለማከም ይጠቅማል። ሕክምናውም ፎቶዳይናሚክ ሕክምና ይባላል።

፫. አንድ ንጥረ ነገር ለሁለት ተግባር

አምስት-አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ ሰውነታችን ለደም ቅላት የሚያስፈልገውን ሄም ሲሠራ የሚያዘጋጀው ንጥረ ነገር ነው። አንዳንድ አደገኛ የአንጎል ዕጢዎች ያሉበት በሽተኛ ከቀዶ ሕክምናው ጥቂት ሰዓት በፊት በውኃ ተበጥብጦ ይጠጣዋል። የዕጢው ሕዋሳት ፕሮቶፖርፊሪን ወደተባለ ነገር ይለውጡትና ከጤነኞቹ ሕዋሳት ይበልጥ ያከማቹታል። ሐኪሙ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሰማያዊ ብርሃን ሲያበራበት ዕጢው ቀይ ሆኖ ይታያል። በተራ ብርሃን የዕጢውን ጠርዝ ከጤናማው አንጎል መለየት አስቸጋሪ ስለሆነ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። ዘዴው በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በአሜሪካ በ2017 ተፈቅዷል።

ይኸው ንጥረ ነገር፣ በፀሐይ ብዛት ቆዳ ላይ የሚወጣውንና ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለውን ሻካራ ቁስል ለማከም ያገለግላል። ቁስሉ ላይ ይቀባል፤ ቀጥሎ ብርሃን ይበራበታል፤ የታመሙት ሕዋሳትም ይሞታሉ።

፬. የዘዴው ወሰን

የእጅ ባትሪ በጣታችን ሥር ስናበራ የሚያልፈው ቀዩ ብርሃን ነው። ቀይ ብርሃን ከሰማያዊው ይልቅ ወደ ሥጋ ጠልቆ ይገባልና። ቢሆንም ሕክምናው በአብዛኛው ከ1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አያልፍም። ስለዚህ ዘዴው ከላይ ላሉ ወይም በቀጭን የብርሃን መስመር ሊደረስባቸው ለሚችሉ ዕጢዎች እንጂ በሰውነት ሁሉ ለተሠራጨ ካንሰር ፈውስ አይደለም። ከዚህም ሌላ ፎቶፍሪን የተባለውን መድኃኒት የተወጋ ሰው ቢያንስ ለ30 ቀን ከፀሐይ መጠበቅ አለበት፤ መድኃኒቱ በቆዳው ውስጥ ይቆያልና። እ.ኤ.አ. በ1912 ፍሪድሪክ ማየር-ቤትስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ተመሳሳይ ንጥረ ነገር በራሱ ላይ ወግቶ ፀሐይ ሲነካው ፊቱና እጆቹ ክፉኛ አብጠዋል። ስለዚህ ማንም ሰው ቀለም ተቀብቶ ፀሐይ በመሞቅ ራሱን ለማከም መሞከር የለበትም።

፭. በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ጥቂት የጎመን ቅጠል ወቅጠን በአልኮል እንዘፍዝፍ፤ አረንጓዴውን ፈሳሽ አጥልለን በጠራ ብርጭቆ እናድርግ። አልኮል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት በአቅራቢያው አይኑር። ከዚያም ክፍሉን አጨልመን ኃይለኛ የእጅ ባትሪ እናብራበትና ከጎን እንመልከት፤ አረንጓዴው ፈሳሽ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ክሎሮፊል በአሠራሩ የፕሮቶፖርፊሪን ዘመድ ነው። በሕይወት ባለው ቅጠል ውስጥ ከዋጠው ብርሃን የሚበዛውን ለምግብ ዝግጅት ያውለዋል፤ ከቅጠሉ ሲወጣ ግን ኃይሉን የሚያስተላልፍለት ስለሌለ ከፊሉን በቀይ ብርሃን መልክ ይለቀዋል።

ጥያቄዎች

1. ራብ አክሪዲኑንና ብርሃኑን ለየብቻቸው ባይሞክር ኖሮ ምን ዓይነት የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ሊደርስ ይችል ነበር?
2. ኦክሲጅን በማይደርስበት የዕጢ ክፍል ፎቶዳይናሚክ ሕክምና የሚደክመው ለምንድን ነው?