አያቴ ሳጥን ውስጥ ያለችው ሜዳሊያ

ደባርቅ አያቴ ቤት አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አለ። የቅድመ አያቴ የአርበኝነት ሜዳሊያ እዚያ ውስጥ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ልጅ ሆኜ ልጫወትባት ስል «አርፈህ ተቀመጥ፣ ይቺ የሰው ደም ናት» ትለኝ ነበር።

በ2014 የገና ሰሞን ጄኔራል ብርሃኑ ጁላ ፊልድ ማርሻል ሲባሉ፣ ሌሎች አዛዦችም ማዕረግ ሲጨመርላቸው በስልኬ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና «የእኛዎቹስ ስም ተጠራ?» አለችኝ።

የእኛዎቹ የምትላቸው፣ በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ደባርቅና ዳባት ሲደርስ የራሳቸውን ጠመንጃ ይዘው የወጡትን ገበሬዎች ነው። ስንቅ ያመላለሱትን ሴቶችም ጭምር። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጣሊያን እጅ ነበረች። ከደባርቅ አጠገብ ያለው የወልቀፊት ምሽግ እጁን የሰጠው መስከረም 1934፣ ጎንደር ነጻ የወጣችው ደግሞ ኅዳር 18 ነው። ከዚያ ሜዳሊያ መጣ። ለአርበኛም ለስደተኛም ተሰጠ። አያቴ እንደምትለው ግን፣ ከቅድመ አያቴ ጋር አምስቱን ዓመት በዱር የከረመው ጎረቤታቸው ምስክር ስላላገኘ ባዶ እጁን ቀረ።

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነገሩን በዋጋ አየዋለሁ። ሜዳሊያ ብረቱ ርካሽ ነው፤ ዋጋው ያለው ዝርዝሩ ላይ ባለን እምነት ነው። አዛዥ ሪፖርት የሚጽፍለት አለው። ገበሬው ግን ሥራውን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ብቻ ናቸው። መረጃው ወደ ላይ ካልወጣ ሽልማቱም ወደ ታች አይወርድም። ይሄ የአዛዦቹን ጀግንነት አይቀንስም። ግን ዝርዝሩ ሲጎድል የተሸለመውም ሰው ሜዳሊያ ይቀልላል።

አሁን ደግሞ ነገሩ ከብዷል። ያኔ ጎን ለጎን ከተዋጉት ውስጥ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ጎራ ለይተው የሚታኮሱ አሉ። ማን ጀግና እንደነበር ማውራት ራሱ ያስፈራል። የምስክሮቹ ዕድሜ ግን ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም።

ስለዚህ ባለፈው ደባርቅ ስሄድ የስልኬን መቅረጫ ከፍቼ አያቴ ፊት አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ያወራችልኝ ስለ ቅድመ አያቴ ይመስላችኋል? ስለ ጎረቤቱ ነው። እናንተም ስልክ አላችሁ፤ ዛሬ ማታ ማንን ትጠይቃላችሁ?