ሞተር፣ ፒስታና ሳነቲ፦ የቡድን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ብቻውን ፒስታ ላይ ሞተር የሚነዳ ሰው የሚያማክረው ራሱን ነው። ሲደክመው ይቆማል፣ ሲመቸው ይፈጥናል። ስምንት ሆነው ሲወጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአንዱ ከመነዳሪ ሲፈነዳ ስምንቱም ይቆማሉ። የአንዱ ቤንዚን ሲያልቅ የሁሉም ቀን ያጥራል። አንዱ መገንጠያ ላይ ተሳስቶ ከታጠፈ ሰባቱ ለፍለጋ ይሰማራሉ። ከአስፋልት ውጪ የሚደረግ የቡድን የሞተር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳካውም የሚበላሸውም ገና ሳይነሱ፣ በዕቅዱ ላይ ነው። ዕቅዱ ደግሞ መሠራት ያለበት መጨረሻ ላይ በሚደርሰው ነጂ ልክ ነው። ፈጣኑን መለኪያ ያደረገ ቡድን እኩለ ቀን ሳይሞላ ይበታተናል።

ይህን በተግባር ለማየት ከባሌ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከጎባ ተነስቶ የሳነቲን አምባ አቋርጦ፣ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን ወርዶ ደሎ መና የሚደርሰው መንገድ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ ግን ነጂው ከጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 4,000 ሜትር ይወጣል፤ ከዚያ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ደኑ ይገባና ከ1,500 ሜትር በታች ወዳለ ቆላ ይደርሳል። ጽድና ኮሶ፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ጅብራ የቆመበት ውርጭ፣ ከዚያ የዱር ቡና የሚበቅልበት ጥቅጥቅ ያለ ደን በአንድ ቀን ይታያሉ። መንገዱ የሚያልፈው በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በመጀመሪያ ስለ ሞተሩ። ለፒስታና ለኮረኮንች የተሠራ ሞተር ከከተማው ዶቅዶቄ የሚለየው በጉልበቱ ብቻ አይደለም። የፊት ጎማው ትልቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቸርኬው 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች ይሆናል። ትልቅ ጎማ ድንጋይና ጉድጓድ ላይ ሳይሰነቀር ያልፋል። ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፤ ሞላው ረጅም ነው፤ የጎማው ጥርስ ጎላ ጎላ ያለ ነው። በገጠር ሥራ የሚታወቀው ያማሃ ኤጂ የተባለው ሞተር ጥሩ ምሳሌ ነው። ለግብርና ሥራ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ካቴናው አቧራና ጭቃ እንዳይነካው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። በግራም በቀኝም ማቆሚያ አለው፤ ተዳፋት ላይ በሚመቸው ጎን ይቆማል። የፈጣን ሞተር ባለቤቶች ይንቁታል፤ እኔ ግን ለጀማሪ ከእሱ የተሻለ አስተማሪ አይታየኝም። ቡድኑ ሞተር የሚመርጥ ከሆነ ደግሞ መመሳሰሉ ከፈረስ ጉልበቱ ይበልጣል። ሁሉም አንድ ዓይነት ጎማ ከያዙ የአንዱ መለዋወጫ ለሁሉም ይሆናል። ባለ 21 ኢንቹ ከመነዳሪ በችግር ጊዜ ለኋላው ጎማም ያገለግላል፤ ስለዚህ ቦርሳ ከጠበበ እሱን መያዝ ይሻላል።

ከፍታው የሚያመጣውን ጣጣ ብዙ ሰው ረስቶ ይሄዳል። 4,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በአየር ነውና ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ሽቅብ በደንብ ሲወጣ የነበረ ሞተር ሳነቲ ላይ አንድ ማርሽ ዝቅ እንዲደረግለት ይጠይቃል። ካርቦሬተር ያለው ከሆነ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ይጠፋል። መፍትሔው ቤንዚን የምታሳልፈውን ቀዳዳ በጠባብ መለወጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ጎባ ላይ ሌሊት በባትሪ መብራት የሚሠራ ሳይሆን ቀደም ብሎ ከመካኒክ ጋር የሚጨረስ ጉዳይ ነው። አዲሶቹ በኮምፒውተር የሚመሩት ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጉልበቱ መቀነስ ግን ለእነሱም አይቀርም። ሰውም እንደ ሞተሩ ነው። ከቆላ በቀጥታ የመጣ ነጂ ራሱን ሊያመው፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሌሊት ጎባ ወይም አጠገቧ ባለችው ሮቤ ማደር፣ ውሃ መጠጣት፣ ሕመሙ ከበረታበት ሰው ጋር ሳይከራከሩ ወዲያው ወደ ታች መውረድ የዕቅዱ አካል ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ጉዞ አስፋልት ነው። ያንን ሁሉ በጥርሳም ጎማ መንዳት ጎማውን መጨረስ፣ ነጂውንም ማድከም ነው። ጉዞው ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ዓርብ ሞተሮቹን በአይሱዙ ጭኖ መላክ ብልህነት ነው፤ መኪናው ቅዳሜና እሑድ አጃቢ ሆኖ ሻንጣ፣ ቤንዚንና የተበላሸ ሞተር ይሸከማል። ከመንገዱ ዳር ዲንሾ ላይ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አለ። መግቢያ የሚከፈለው፣ አስጎብኚ የሚያዘው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመንገዱና የአካባቢው ሰላም የሚጠየቀው እዚያ ነው። የጸጥታውን ሁኔታ አስቀድሞ በስልክ፣ ደርሶም በአካል መጠየቅ ግዴታ ነው፤ «ባለፈው ዓመት ሄደን ነበር» ማለት መረጃ አይደለም።

አሁን ወደ ስሌቱ። ባለ 250 ሲሲ ሞተር በፒስታ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንልና ታንከሩ 8 ሊትር ቢይዝ 200 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከጎባ ደሎ መና ደርሶ መልስ ከዚያ ይበልጣል፤ ሳነቲ ላይ ወዳለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ መውጣት ሲጨመርበት ጭራሽ አይበቃም። ስለዚህ ቤንዚኑ በአጃቢው መኪና ይያዛል፤ በአነስተኛ ከተማ ይገኛል ተብሎ አይታሰብም። ሰዓቱም እንደዚሁ ነው። ቡድን በእንዲህ ያለ መንገድ በሰዓት 20 ወይም 25 ኪሎ ሜትር ከሄደ ጥሩ ነው። 100 ኪሎ ሜትሩ አራት ወይም አምስት ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ ላይ ምሳ፣ ፎቶ፣ የፈነዳ ጎማና የወደቀ ሰው አለ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ውርጩ ሲለቅ ተነስቶ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ማረፊያ መድረስ ነው። ማታ መንዳት አይገባም። ጭጋግ፣ ከብትና አውሬ ባለበት መንገድ የሞተር መብራት አይታመንም። ቁጥሩም ከስምንት ባይበልጥ ይመረጣል። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ምክንያት አምስት ደቂቃ ቢያስቆም፣ አሥራ ሁለት ሰው አንድ ሙሉ ሰዓት ይበላል። ብዙ ከሆኑ ለሁለት ተከፍለው እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መሪ መያዝ አለበት።

ስምንት ሞተር አቧራ ውስጥ ተያይቶ መሄድ አይችልም። አቧራው እስኪጠራ መራራቅ አለባቸው፤ ሲራራቁ ደግሞ መገንጠያ ላይ ይጠፋፋሉ። በብዙ አገር ያሉ የዚህ ስፖርት ሰዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ ቀላልና አስተማማኝ ነው። አንድ መሪ ፊት፣ አንድ ጠባቂ መጨረሻ ይሆናል፤ የእነዚህ የሁለቱ ቦታ ቀኑን ሙሉ አይለወጥም። መሪው መገንጠያ ሲደርስ ከኋላው ያለውን ነጂ በእጁ ምልክት እዚያው ያቆመዋል። የቆመው ሰው በግልጽ በሚታይበት ቦታ ሆኖ ለሚመጡት ሁሉ አቅጣጫ ያሳያል። የኋላ ጠባቂው ሲደርስ ተነስቶ ከእሱ ፊት ይገባል። በሚቀጥለው መገንጠያ ተራው የሌላው ነው። በዚህ መንገድ ሁሉም እየተፈራረቀ ይቆማል፤ ፈጣኑም ዝግተኛውም ማንንም ሳያሳድድ በራሱ ፍጥነት ይነዳል፤ ማንም አይጠፋም።

ዘዴው የሚፈርሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቆመው ሰው ሰልችቶት ቦታውን ሲለቅ። ሃያ ደቂቃ ቢጠብቅም፣ አንድ ሰዓት ቢሆንም ከቦታው አይነቃነቅም። የዘገየ ሰው ካለ መሪው በመጣበት መንገድ ተመልሶ እያንዳንዱን ምልክት ሰጪ እያገኘ እስከ ችግሩ ይደርሳል፤ አንድ ሰው ከቦታው ከጠፋ ግን ሰንሰለቱ ተበጥሷል። ሳነቲ ላይ ዋናው መንገድ አንድ ስለሆነ ይህ የሚያስፈልገው ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ሐረና ውስጥ ግን ወደ መንደርና ወደ ቡና ማሳ የሚገቡ መንገዶች ስላሉ መሪው ችላ ሊለው አይገባም። ለኋላ ጠባቂነት ብዙ ቡድን ደካማውን ነጂ ይመድባል፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መጨረሻ የሚመጣው ከሁሉም የተሻለው መካኒክና የመጀመሪያ እርዳታ የሚያውቀው ሰው መሆን አለበት። ከመነዳሪ፣ የጎማ ማውጫ፣ ፓምፕ፣ ካንዴላ፣ የካቴና ማያያዣ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ መጎተቻ ገመድና የእርዳታ ሣጥኑ የሚጫኑት በእሱ ሞተር ላይ ነው። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስላለ ጎባ ሆስፒታል መኖሩን፣ ከየትኛው ቦታ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚሻል ሁሉም ከመነሳቱ በፊት ማወቅ አለበት።

በዚህ መንገድ የሚሄደው ሞተረኛ ብቻ አይደለም። ባሌ የፈረስ አገር ነው፤ ወደ ገበያ በፈረስ የሚሄድ ሰው በየመንገዱ ይገኛል። ፈረስ በሞተር ድምፅ ይደነብራል፤ የተቀመጠበትን ሽማግሌ ገደል ሊጥል ይችላል። ፈረስ ሲመጣ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት፣ ሄልሜቱን አንስቶ ፊት ማሳየትና በአፋን ኦሮሞ «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርግ ቡድን ሲበላሽበት የሚረዳው ሰው አያጣም።

ገንዘቡ እንደ ጽዋ ማኅበር ይያዝ፤ ሁሉም እኩል ያዋጣ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ ይኑር። የተሰበረ ዕቃ በባለቤቱ ይከፈል፣ ቤንዚኑ፣ መኪናውና አስጎብኚው በጋራ። ይህ ቀድሞ ካልተወራ እሑድ ማታ ላይ መከፋፋት ያመጣል።

ወሩ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል። በዚህ ጊዜ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን ሳነቲ ላይ ከዜሮ በታች ይወርዳልና የብርድ ጓንትና ወፍራም ካፖርት አይቅር። ወደ ሐረና በሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን ብቻ መያዝ ፍሬኑን ያግላል፤ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝ ማድረግ ነው።

በመጨረሻ ለሚሄድ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። በዓለም ላይ የቀሩት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ የሚበልጡት የሚኖሩት ባሌ ነው። የሚመገቡት ሜዳውን ሲቆፍሩ የሚውሉትን አይጦችና በባሌ ብቻ የሚገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ነው። ሜዳው ከላይ ባዶ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ሁሉ ጉድጓድ ነው፤ ጎማ ሲወጣበት ይደረመሳል። ቀበሮዎቹም በመኪና ተገጭተው ሞተው ያውቃሉ። ሳነቲ ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አትንዱ፣ ቀበሮ ካያችሁ አቁሙ፣ ለፎቶ ብላችሁም ቢሆን ጎማችሁን ከመንገዱ አታውጡ።