አንድ ሰርቨር ለሁሉም ሥራ ወይስ ለየሥራው የተለየ?

የንግድ ቤት ሒሳብ ከባሕር መዝገብ ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር ከገባ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። የገቢና የወጪው ሒሳብ፣ የመጋዘኑ ዕቃ ቍጥር፣ የደመወዙ ሰንጠረዥና ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር የሚደረገው የደብዳቤ ልውውጥ ሁሉ በአንድ ጠባብ ክፍል በተቀመጠ ሰርቨር ላይ ይውላል። ስለዚህ ነጋዴው ሰርቨር በሚገዛበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ ይኸውም አንዱ መኪና ሁሉን ሥራ ይሸከም ወይስ ለየሥራው የራሱ መኪና ይመደብለት የሚል ነው። ነገሩ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ቢመስልም፣ ገንዘቡን የሚከፍለውም ሆነ ሥራው ሲቆም የሚጐዳው ነጋዴው ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ይገባዋል።

በመጀመሪያ የአንዱን መኪና ጥቅም እንመልከት። የግዢው ዋጋ፣ የፕሮግራሙ ፈቃድ፣ የዩ.ፒ.ኤስ. ባትሪውና የጥገናው ወጪ ሁሉ በአንድ ይወሰናል። ኤሌክትሪኩን ብቻ ብናሰላ፣ በአማካይ 200 ዋት የሚስብ ሰርቨር ሌትና ቀን ሲሠራ በዓመት 1,752 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ሦስት ቢሆኑ ፍጆታው 5,256 ይደርሳል። ማይክሮሶፍት ኩባንያም ይህን የትናንሽ ቤቶች ችግር ተመልክቶ በ1997 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ስሞል ቢዝነስ ሰርቨር የተባለውን አወጣ። ይህም ኢሜይሉን፣ የፋይል ማከማቻውንና የተጠቃሚዎቹን መዝገብ በአንድ መኪና ላይ ያጣመረ ነበር። ይሁን እንጂ የመጨረሻው የ2011 መደበኛ እትም እንኳ ከ75 ተጠቃሚ በላይ አይፈቅድም ነበር።

ጉዳቱ የሚታየው ሥራው ሲበዛ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» እንደ ተባለው፣ አንዱ መኪና ሁሉን ሲሸከም የአንዱ ሥራ ሕመም ለሌላው ይተርፋል። ለምሳሌ የመጋዘኑ ጥበቃ ካሜራ ፊልሙን የሒሳቡ ፕሮግራም ባለበት ዲስክ ላይ የሚያከማች ከሆነ፣ ዲስኩ በሞላ ቀን ፒችትሪ አዲስ ደረሰኝ ለመመዝገብ ይሳነዋል። የኢሜይሉን ፕሮግራም ለማደስ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ሲያስፈልግም የሽያጭ ክፍሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ይህ የሆነው ባንኩ የሌተር ኦፍ ክሬዲት ሰነድ በሚጠይቅበት ወይም ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ዲመሬጅ በሚቈጠርበት ሰዓት እንደ ሆነ፣ ኪሳራው ከሁለተኛ መኪና ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት የጥበቃ ነው። ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሥራ በሌባ ቢደፈር፣ በዚያው መኪና ላይ ያለው የሒሳብ መዝገብም አብሮ ይጋለጣል። እስከ 2024 ድረስ የተሠራበት የክፍያ ካርዶች የጥበቃ ደንብ 3.2.1 እትም ለአንድ ሰርቨር አንድ ዋና ሥራ ብቻ እንዲሰጥ ያዝዝ የነበረው ስለዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ የወጣው እትም ግን ሥራዎቹ እርስ በርሳቸው ተለይተው ከተጠበቁ በአንድ ላይ እንዲኖሩ ይፈቅዳል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። አሳቡ የቈየ ነው። አይ.ቢ.ኤም. በ1972 ቪ.ኤም. 370 በተባለው ፕሮግራም ለትላልቅ መኪናዎቹ አቅርቦት ነበር፤ በ1998 የተቋቋመው ቪ.ኤም.ዌር ደግሞ ወደ ተራው ኮምፒውተር አመጣው። አሠራሩ አንድ ፎቅ ቤት ለብዙ ተከራዮች እንደ ማከራየት ነው። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና ቍልፍ አለው፤ አንዱ ክፍሉን ሲያድስ ሌላው ሥራውን አይፈታም። የዊንዶውስ ሰርቨር ስታንዳርድ ፈቃድም በሚገባ ለተከፈለበት መኪና ሁለት ቨርቹዋል ማሽን ይፈቅዳል። ነገር ግን የቤቱ ጣራ አንድ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ መኪናው ራሱ በተበላሸ ጊዜ ተከራዮቹ ሁሉ በአንድነት ውጭ ያድራሉ።

ስለዚህ መጠባበቂያው ቅጂ በዚያው መኪና ላይ፣ በዚያው ሕንፃም ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። መጋቢት 10 ቀን 2021 በስትራስቡርግ ከተማ የሚገኘው የኦ.ቪ.ኤች. ኩባንያ የሰርቨር ሕንፃ በእሳት በተቃጠለ ጊዜ፣ ቅጂያቸውን በዚያው ሥፍራ ብቻ ያኖሩ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አጥተዋል።

እንግዲህ ለመካከለኛ ንግድ ቤት የሚስማማው አሠራር ይህ ነው። ሒሳቡና የመጋዘኑ መዝገብ በአንድ ብርቱ መኪና ላይ በየራሳቸው ቨርቹዋል ማሽን ይቀመጡ። የካሜራው ፊልም የራሱ መቅጃ ይኑረው። ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ሥራ በሌላ መኪና ላይ ይዋል። ለመኪና መግዣ ከታሰበው ገንዘብም ጥቂቱ ለመጠባበቂያው ቅጂ አስቀድሞ ይቈረጥ። ከግዢው በፊትም ባለቤቱ ባለሙያውን «ይህ መኪና ዛሬ ቢሞት የትኞቹ ሥራዎች ይቆማሉ? በስንት ሰዓትስ ይመለሳሉ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱ በጽሑፍ የተሰጠ እንደ ሆነ፣ ስንት መኪና መግዛት እንደሚገባ ከዚያው ለመረዳት ይቻላል።