ወደ እንጦጦና ወደ የካ ጋራ ለሚወጡ ቤተ ሰቦች የሚጠቅም ምክር

ሰው አገር ማየት ሲመኝ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ሩቁን ነው። አክሱምንና ላሊበላን ለመሳለም ዓመት ሙሉ ገንዘብ የሚያጠራቅም የአዲስ አበባ ነዋሪ፤ በስተ ሰሜን ከደጁ የቆመውን ጋራ አንድ ቀን እንኳ ሳይወጣው ዕድሜው ያልፋል። ነገር ግን ከተማችን የተወለደችው ከዚያ ጋራ ነውና ልጆች ሊያዩት ይገባል። ስለዚህ በእሑድ ወይም በበዓል ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ለመውጣት የሚያስቡ አባቶችና እናቶች እንዲጠቀሙበት፤ የስፍራውን ታሪክ፤ መንገዱን፤ ጊዜውን፤ ልብሱንና ስንቁን በየተራው እንጽፋለን።

ስለ ስፍራው

ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በእንጦጦ አደረጉ። ስፍራው ጠላትን ለመጠበቅ የተመቸ ቢሆንም ብርዱና ነፋሱ የጸና ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃ ወርደው ሜዳውን ስለ ወደዱት፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች፤ ስሟንም ያወጡላት እርሳቸው ናቸው። ይሁን እንጂ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት 25 ቀን በዚሁ ጋራ ላይ፤ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ ዕቃዎች የተቀመጡበት ቤተ መዘክር አለ። ጥቂት ራቅ ብሎ የእንጦጦ ራጉኤል ይገኛል። ጋራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍም ትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፤ በዚያው በምኒልክ ዘመን ስለ ማገዶ እጦት ከውጭ ገብቶ የተተከለ ነው።

ልጆች ሊማሩት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። በጋራው ጫፍ ላይ የሚዘንመው ዝናብ በሁለት ይከፈላል። በደቡብ በኩል የወረደው በቀበናና በሌሎች ወንዞች ወደ አቃቂ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄድና ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሓ ይቀራል። በሰሜን በኩል የወረደው ግን ወደ ሙገር፤ ከሙገርም ወደ ዓባይ ገብቶ እስከ ግብፅ ይዘልቃል። አባት ልጁን በጫፉ ላይ አቁሞ ይህን ቢያሳየው፤ ከብዙ ቀን ትምህርት የበለጠ ይታወሰዋል።

ስለ መንገዱና ስለ ጊዜው

ከአራት ኪሎ ወይም ከፒያሳ በታክሲ ተሳፍሮ በስድስት ኪሎ በኩል ሽሮ ሜዳ መድረስ ነው። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሌላ ታክሲ ይገኛል። ዋጋው እንደ ጊዜው ይለዋወጣልና ሳይሳፈሩ መጠየቅ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የእግር መንገድና ልጆች የሚጫወቱበት ስፍራ ስላለው፤ ገደላገደል ለሚፈሩ እናቶች የተመቸ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የከዋክብት መመልከቻም በዚሁ ጋራ ላይ ይገኛል፤ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ታላላቅ መነጽሮች አሉት።

ክረምት ለዚህ ጉዞ አይመችም፤ ጭቃው ያዳልጣል፤ ጉሙም መንገድ ያሳስታል። የተሻለው ጊዜ ዝናቡ ካባራ በኋላ፤ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ማለዳ ወጥቶ ከ11 ሰዓት በፊት መውረድ መልካም ነው፤ ሲመሽ ብርዱ ይበረታል፤ በዱሩም ጅብ አለና።

ስለ ጤና፤ ስለ ልብስና ስለ ስንቅ

የእንጦጦ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3200 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ያህል ብቻ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ደጋ ስለ ለመደ ቶሎ አይጎዳም፤ ከድሬዳዋ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣ እንግዳ ግን ሁለት ቀን በከተማ ዐርፎ ቢወጣ ይሻለዋል። ልብ ወይም ሳንባ የሚያመው ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። ልጅ ራሴን አመመኝ ቢል፤ ቢያስመልሰው ወይም ያለ ልማዱ ቢደክም፤ ሰነፍ ነው ብሎ መቈጣት አይገባም፤ ወዲያው ይዞ መውረድ ነው፤ መድኃኒቱ መውረድ ነውና።

ጋራው ከመካከለኛው ከተማ 5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ጋቢና ሹራብ አይቅር። ፀሐዩ ግን ቀዝቃዛ መስሎ ቆዳ ያቃጥላልና ለሕፃናት ባርኔጣ ያስፈልጋል። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ89 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፤ ክክና ድንች በጋራው ላይ ለማብሰል ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ ብልህ ባልቴት ወጡን ከቤቷ አብስላ፤ ዳቦ፤ ቆሎና በሶ ጨምራ፤ የሚጠጣ ውኃ ይዛ ትወጣለች።

ስለ የካ ዋሻ ሚካኤል

በየካ በኩል የሚወጣ ሰው ዋሻ ሚካኤልን ሳያይ አይመለስ። ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። አባቶች በአብርሃና በአጽብሓ ዘመን ተሠራ ይላሉ፤ ሊቃውንተ ታሪክ ደግሞ አሠራሩን ከላሊበላ ጋራ አስተያይተው በ12ኛው ወይም በ13ኛው መቶ ዓመት ያደርጉታል። ጣራው ስለ ፈረሰ በክረምት ውኃ ይሞላዋል። ድንጋዩ ያረጀ ነውና ልጆች በግድግዳው ላይ እንዳይወጡ፤ ስማቸውንም እንዳይጽፉበት አጥብቆ መከልከል የወላጅ ግዴታ ነው። ቅዱስ ሚካኤል በወር በ12 ስለሚከበር፤ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቀን ይምረጥ።

ስለ ጠባይ

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቅ፤ ሴቶችም በነጠላ መከናነብ የታወቀ ነው። በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን አሉ፤ እነርሱን ትኵር ብሎ ማየትና ፎቶግራፍ ማንሣት ነውር ነው። ከቤተ ሰብ ለጠበል የሚወጣ ሕመምተኛ ቢኖር ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን አስተምረዋል።

በቁልቁለቱ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም ይገኛሉ። ሸክማቸው ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ጐንበስ ብለው ስለሚሄዱ ፊታቸው አይታይም፤ የከተማው እንጀራ ለብዙ ዘመን የተጋገረው ግን በእነርሱ ጀርባ ነው። መንገድ ልቀቁላቸው፤ ልጆችም «እማማ፤ ያበርታዎ» እንዲሉ አስተምሩ። ከእነርሱም ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና የተሸጋገሩ አሉ፤ ሲመለሱ የሽመና ሥራ መግዛት የሚፈልጉ ሁሉ እንዲህ ካሉት ቢገዙ፤ ለቤታቸው ልብስ፤ ለሌላዪቱ እናት ዕረፍት ይሆናል።

እንግዲህ ጋራው ቅርብ ነው፤ ወጪውም ጥቂት ነው። ልጁን አንድ ቀን ወደዚያ ያወጣ ወላጅ፤ ከተማው ከየት እንደ መጣችና በማን ትከሻ እንደ ቆመች አሳይቶታል።