የግራፍ ዘንግ ጭረቶችና ጽሑፎቻቸው

በግራፍ ዘንግ ላይ የተደረደሩት ጭረቶች ማስመሪያ ላይ ያሉት መስመሮች የሚሠሩትን ይሠራሉ፤ ዓይን ያረፈበትን ቦታ ወደ ቁጥር ይመልሳሉ። ጭረቱ ቦታውን ያመለክታል፣ አጠገቡ ያለው ጽሑፍ የቦታውን ዋጋ ይናገራል። ረዘም ያሉት ዋና ጭረቶች ጽሑፍ ሲኖራቸው በመካከላቸው ያሉት ንዑሳን ጭረቶች አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው። በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ግራፍ በእጅ ሲሣል ይህን ሁሉ የሚወስነው ሣዩ ነበር። ዛሬ ሶፍትዌሩ ሳይጠየቅ ይወስናል፤ ተጠቃሚው እጁን የሚያስገባው ውሳኔው ያልጣመው እንደሆነ ነው።

ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የሚፈልገው ለንባብ የሚመች ቁጥር ነው። ከ37 እስከ 973 የሚዘልቅ መረጃ ተሰጥቶት ስፋቱን ዝም ብሎ ለአራት ቢያካፍል፣ ጭረቶቹ 37፣ 271፣ 505፣ 739 እና 973 ላይ ያርፋሉ። ሒሳቡ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ዘንግ ላይ 600 የት እንዳለ ለማወቅ ሌላ ስሌት ሊያስፈልግ ነው። ፖል ሄክበርት እ.ኤ.አ. በ1990 «ግራፊክስ ጄምስ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ያወጣው አጭር ዘዴ ይህን ችግር ይፈታል። በዘዴው መሠረት በሁለት ጭረቶች መካከል ያለው ርቀት 1፣ 2 ወይም 5፣ አለዚያም እነዚሁ በ10፣ በ100 እና በመሳሰሉት ተባዝተው ወይም ተካፍለው የሚገኙ ቁጥሮች ብቻ ይሆናል። አምስት ያህል ጭረት ቢጠየቅ ከላይ ያለው መረጃ ከ0 ተነሥቶ በ200 እየዘለለ 1000 የሚደርስ ዘንግ ያገኛል። አምስት ተጠይቆ ስድስት መጣ ማለት ነው፤ ብዛቱ ለንባብ ሲባል ቢሸራረፍ ግድ የለም። የአር ቋንቋ «ፕሪቲ» የተባለው ተግባርም በእነዚሁ ሦስት ቁጥሮች ይመራል።

ምርጫውን ከሶፍትዌሩ መንጠቅ ሲያስፈልግ መንገዱ እንደ መሣሪያው ይለያያል። ቶማስ ዊሊያምስና ኮሊን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ግኑፕሎት ውስጥ «ኤክስቲክስ» የሚለው ትእዛዝ መነሻውን፣ ርቀቱንና መድረሻውን በተከታታይ ይቀበላል፤ 0፣ 5፣ 50 ተብሎ ከተሰጠው በየአምስቱ ይጭራል። የንዑሳን ጭረቶቹ ትእዛዝ ግን ጀማሪን ያሳስታል። 5 ሲባል አምስት ንዑስ ጭረት አይሠራም፤ በዋና ጭረቶች መካከል ያለውን ቦታ አምስት ቦታ ይከፍላል እንጂ። ስለዚህ የሚታዩት አራት ናቸው። በአር ደግሞ መጀመሪያ ዘንጉ እንዳይሣል ይከለከላል፣ ከዚያ «አክሲስ» በተባለው ተግባር ቦታዎቹና ጽሑፎቹ ጎን ለጎን ይሰጣሉ። አር ጽሑፎቹ የሚነካኩ መስሎ ከታየው አንዳንዶቹን ሳይጽፍ ያልፋል፤ ኮዱን ደጋግሞ ቢያይ ጥፋት ያጣው ተጠቃሚ ይህን ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል። በኤክሴል ሥራው በመዳፊት ያልቃል፣ ነገር ግን በእጅ የተጻፈ ርቀት እዚያው ይቀራል። መረጃው ነገ አሥር እጥፍ ቢያድግ ዘንጉ በጭረት ይጨናነቃል።

ነገሩን ከሥሩ ለይቶ ያስቀመጠው ማትፕሎትሊብ ነው። ይህን የፓይተን ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ጆን ሃንተር የነርቭ ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበር። በማትፕሎትሊብ እያንዳንዱ ዘንግ ሁለት ሠራተኞች አሉት። «ሎኬተር» ጭረቱ የት ይረፍ የሚለውን ብቻ ይወስናል፤ «ፎርማተር» ለዚያ ቦታ ምን ይጻፍ የሚለውን ብቻ። አንዱ በሌላው ሥራ አይገባም። ምስሉ ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ሎኬተሩ አዲስ ቦታ ያሰላል፣ ፎርማተሩም አዲሶቹን ቦታዎች አንብቦ ይጽፋል። ይህን ጥንድ ትቶ የቃላት ዝርዝር ብቻ ዘንጉ ላይ መለጠፍ በጣም የተለመደ ጥፋት ነው። ቃላቱ በተራቸው እንጂ በዋጋቸው ስለማይቀመጡ፣ ጭረቶቹ ሲንቀሳቀሱ ጽሑፉ ባለበት ይቆይና ግራፉ ምንም የተበላሸ ሳይመስል ይዋሻል። መድኃኒቱ ጭረቶቹንም በዝርዝር መቸንከር ነው።

የሁለቱ ሥራ ልዩነት በኢትዮጵያ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ላይ ያህል ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ኮምፒውተሩ 07:00 የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በየሦስት ሰዓቱ የተጫረ ዘንግ ላይ 06፣ 09፣ 12 እና 15 ተብለው የተጻፉት 12፣ 3፣ 6 እና 9 ሊባሉ ይገባል። ጭረቶቹ አይነቀነቁም፤ ስድስት የሚቀንስ፣ ዜሮ ሲመጣም 12 የሚጽፍ አጭር ፎርማተር ይበቃል።

የቀን መቁጠሪያው ግን በዚህ አይታለፍም። ሶፍትዌሩ ጭረቱን በጎርጎርዮስ ወር መባቻ ላይ ስለሚያሳርፍ «ሴፕቴምበር» የሚለውን «መስከረም» ብሎ መተርጎም ግራፉን በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ቀን ያዛባዋል። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023፣ የ2017ቱ ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። በየ30 ቀኑ መጫርም እስከ ጳጉሜን 1 ድረስ ያስኬድና ከዚያ ይስታል፤ ቀጣዩ መስከረም የሚብተው ከአምስት፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያም ከስድስት ቀን በኋላ ነውና። ስድስት ዓመት በሚሸፍን ግራፍ ላይ ስሕተቱ ተጠራቅሞ አንድ ወር ይሞላል። ስለዚህ የየወሩ መባቻ ቀን አስቀድሞ ተሰልቶ በዝርዝር ለሎኬተሩ ይሰጣል። ጳጉሜን ራሷ ጠባብ በመሆኗ ስሟ ከመስከረም ጋር ይደራረባል፤ ያለ ጽሑፍ በንዑስ ጭረት ብትታለፍ ይሻላል። ዘንጉን በግእዝ ቁጥር ለመጻፍ የሚያስብም ከዜሮ የሚነሣ ከሆነ መነሻው ላይ ይቸገራል፤ የግእዝ አኃዝ የዜሮ ምልክት የለውም።

በሎጋሪዝም ዘንግ ላይ ዋና ጭረቶቹ በአሥር እጥፍ ይሄዳሉ፣ ንዑሳኑም ወደሚቀጥለው ዋና ጭረት በቀረቡ ቁጥር እየተጠጋጉ ይመጣሉ፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ትልልቅ ቁጥሮች ሲመጡ ደግሞ ፎርማተሩ የጋራውን ክፍል ነጥሎ ዘንጉ ጫፍ ላይ ይጽፈዋል። ከ2.0 በፊት የነበሩት የማትፕሎትሊብ እትሞች በዚህ ልማድ ዓመተ ምሕረትን ሳይቀር ቆራርጠው 0፣ 1፣ 2 እያሉ ይጽፉ ነበር፤ ዛሬም ሲያስፈልግ ልማዱን በአንድ መስመር ማጥፋት ይቻላል።

የአማርኛ ጽሑፍ ዘንግ ላይ ሲወጣ የሚያጋጥመው ሌላው እንቅፋት ባዶ ሳጥን ነው። የማትፕሎትሊብ መደበኛ ፎንት የሆነው ዴጃቩ ሳንስ የኢትዮጵያን ፊደል አልያዘም። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል ያለ ፎንት ሲጠራ ሳጥኑ ፊደል ይሆናል። እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የቆመ ቅርጽ ስለሆነ እንደ ዓረብኛ የመያያዝ ችግር የለበትም። ረጃጅም ስሞች ሲጨናነቁ ብዙዎች ጽሑፉን በ45 ዲግሪ ያዘነብሉታል፤ አንባቢን አንገቱን ከማስጠምዘዝ ግን የግራፉን አሞሌዎች አግድም ማጋደም የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው የማትፕሎትሊብ እትም 3.6 ጀምሮ ፎንቶችን በዝርዝር መስጠት ይቻላል፤ በመጀመሪያው ውስጥ ያልተገኘው ፊደል ከሁለተኛው ይወሰዳል።