የሥራ ገበታችንን እንዴት እናሰናዳ?
(ስለ ቪዲዮና ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች)

እንደሚታወቀው አናጢ መጋዙንና መዶሻውን፣ ልብስ ሰፊም መቀሱንና ክሩን እጁ ከሚደርስበት ቦታ ሳያኖር ሥራ አይጀምርም። የቪዲዮ ትምህርት የሚያዘጋጅ መምህርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ልዩነቱ የመምህሩ መሣሪያዎች በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ የተደረደሩ መሆናቸው ብቻ ነው። ይህ ድርድር «ወርክስፔስ» ይባላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ «የሥራ ገበታ» ብለነዋል።

በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ አንድ ሠልጣኝ «ታይምላይኑ ጠፋብኝ፤ ማሽኑን አበላሸሁት መሰለኝ!» ብሎ ሲደናገጥ መስማት የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የተበላሸ ነገር የለም። የተለወጠው ሥራው ሳይሆን ገበታው ነው። ይህን ለይቶ አለማወቅ የሠልጣኙን ሰዓት ይበላል፤ ከዚያም አልፎ «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም» ወደሚል ተስፋ መቁረጥ ይመራዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ለምሳሌ የምንወስደው እ.ኤ.አ. በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውን አፍተር ኢፌክትስ የተባለውን ፕሮግራም ነው።

ሀ/ ገበታው ከምን ከምን ይሠራል?

ገበታው «ፓነል» በሚባሉ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። «ፕሮጀክት» የተባለው ፓነል ያስገባናቸውን ሥዕሎች፣ ድምፆችና ቪዲዮዎች ይዘረዝራል። «ኮምፖዚሽን» የሚሠራውን ሥዕል ያሳያል። «ታይምላይን» ደግሞ ምን መቼ እንደሚታይና እንደሚንቀሳቀስ የሚወሰንበት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ፓነል መዘጋቱ ሥራው ተሰረዘ ማለት አይደለም። ሥራው ያለው በፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ ነው። የተዘጋ ፓነል «ዊንዶው» ከሚለው ዝርዝር ስሙ ተፈልጎ ይከፈታል። ታይምላይኑ ባዶ ሆኖ ከታየም በፕሮጀክት ፓነል ውስጥ ያለውን ኮምፖዚሽን ሁለት ጊዜ ጠቅ ማድረግ ይበቃል።

ለ/ መጀመሪያ መመለሻውን

ብዙዎቻችን ፓነል ማንቀሳቀስን እናስቀድማለን፤ ለጀማሪ ግን መቅደም ያለበት መመለስ ነው። «ዊንዶው»፣ ቀጥሎ «ወርክስፔስ»፣ ቀጥሎ «ሪሴት» የሚለውን ስንመርጥ ገበታው መጨረሻ ወደተቀመጠበት መልክ ይመለሳል። ሥራችን አይነካም። ኮንትሮልና ዜድን መጫን እዚህ ላይ አያገለግልም። ይህ ቁልፍ የሚመልሰው በፕሮጀክቱ ላይ የተደረገን ለውጥ እንጂ የፓነል ዝውውርን አይደለም።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው ራቅ ብሎ ለመሄድ አይፈራም። መመለሻውን ያወቀ ሠልጣኝም እንደ ልቡ ይሞክራል።

ሐ/ ማስተካከያው

1ኛ/ በሁለት ፓነሎች መካከል ያለውን መስመር ይዞ በመጎተት አንዱን ማስፋት፣ ሌላውን ማጥበብ ይቻላል።
2ኛ/ የፓነሉን ስም ይዞ ወደ ሌላ ፓነል መጎተት ይቻላል። ጠርዙ ላይ ከተለቀቀ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ መሐሉ ላይ ከተለቀቀ ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርቦ ይገባል። «ጠፋ» የሚባለው ፓነል ብዙ ጊዜ እንዲህ ተደርቦ የተሸፈነ ነው።
3ኛ/ የመዳፊቱን ቀስት ከፓነሉ ላይ አድርጎ፣ በተለመደው የእንግሊዝኛ የቁልፍ ገበታ ከቁጥር 1 በስተግራ ያለችውን ቁልፍ መጫን ያንን ፓነል ብቻ ያሰፋዋል። ድጋሚ ሲጫኑት ይመለሳል። በአጋጣሚ የተጫናት ሰው ሌላው ሁሉ የጠፋ ይመስለዋል።
4ኛ/ የተስማማንን ገበታ «ሴቭ አዝ ኒው ወርክስፔስ» ብለን በስም እናስቀምጣለን።

መ/ ገበታው ሥራውን ይከተል

ስለ ውኃ ዑደት አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል እናዘጋጅ እንበል። ሥዕሎቹን ስናሰባስብ የፕሮጀክት ፓነል ሰፋ ማለት አለበት። እንፋሎቱ ሲወጣና ደመናው ሲሄድ ለማሳየት ታይምላይኑ የስክሪኑን ግማሽ ቢይዝ አይበዛበትም። «ትነት»፣ «ደመና»፣ «ዝናብ» የሚሉትን የአማርኛ ጽሑፎች ስንጨምር ደግሞ «ካራክተር» እና «ፓራግራፍ» የተባሉት የፊደል ማስተካከያ ፓነሎች ቅርብ ይሁኑልን። በመጨረሻ ሥራውን ስንገመግም ከሥዕሉ በቀር ሌላው ሁሉ ገለል ቢል ይሻላል።

እንግዲህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ገበታ የለም። ፕሮግራሙ ራሱ «አኒሜሽን»፣ «ቴክስት»፣ «ኢፌክትስ» የሚሉ የተሰናዱ ገበታዎች አሉት፤ ለትንሽ ስክሪን ደግሞ «ስሞል ስክሪን» የተባለው አለ። ለጀማሪ እነዚህ ይበቃሉ። ሦስቱን ገበታዎች በሺፍትና በኤፍ 10፣ በኤፍ 11፣ በኤፍ 12 ቁልፎች እያፈራረቁ መጥራትም ይቻላል።

ሠ/ የጋራ ኮምፒዩተር ሲሆን

ፕሮግራሙ በገበታው ላይ የምናደርገውን ለውጥ ሳንነግረውም ያስታውሳል። በአንድ የዊንዶውስ መለያ ብዙ ሰው የሚጠቀም ከሆነ የጠዋቱ ሠልጣኝ ያዘዋወረው ለከሰዓቱ ይተርፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሲገቡም ሲወጡም «ሪሴት» ማለት። «ሴቭ ቼንጅስ ቱ ዚስ ወርክስፔስ» የሚለውን ግን በጋራው ገበታ ላይ አንጫን። እሱን መጫን የጋራውን መለኪያ ራሱን መለወጥ ነውና፣ ከዚያ በኋላ «ሪሴት» ቢባልም የሚመለሰው ወደ ተለወጠው ነው።

ረ/ በሌሎቹ ፕሮግራሞችስ?

ሐሳቡ አንድ ነው። ፕሪሚየር ፕሮ ላይም «ዊንዶው» ሥር «ወርክስፔስስ» የሚል አለ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ሥራውን በየደረጃው በገጽ ከፋፍሎ ከስክሪኑ ግርጌ ደርድሮታል፤ መመለሻው «ወርክስፔስ» ሥር «ሪሴት ዩ አይ ሌይአውት» ነው። በነፃ የሚገኘው ብሌንደር ከ2.80 እትሙ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ገበታዎቹን ከላይ በኩል አስቀምጧል። ብሌንደር ገበታውን ከሥራው ፋይል ጋር አብሮ ስለሚያስቀምጥ፣ የሌላ ሰው ፋይል ሲከፈት የሰውየው ገበታ አብሮ ቢመጣ አይግረመን።

በመጨረሻም ለማስተማር የተዘጋጀን ሁሉ አንድ ነገር እናስብ። ስክሪኑን በፕሮጀክተር ለክፍል ስናሳይ፣ የኋላው ወንበር ላይ ያለው ተማሪ ሃያ ፓነል ሊለይ አይችልም። ለዕለቱ ትምህርት የሚያስፈልጉትን ሦስት ወይም አራት ፓነሎች ብቻ አስቀርተን፣ ተማሪዎቹም ያንኑ ገበታ እንዲከፍቱ አድርገን እንጀምር። «እዚህ ጋ ተጫኑ» ስንል ሁሉም የሚያየው አንድ ቦታ ይሆናል። ተማሪው ፓነል ፍለጋ ሳይባክን ልቡን ለትምህርቱ የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው።