ቪትዝና መሰሎቿ በካዛንቺስ መንገድ

የትንሽ መኪና አደጋ «ቆርቆሮዋ ስስ ነው» ከሚባለው ጋር ብዙም አይገናኝም። ዋናው ነገር የክብደት ልዩነት ነው። 900 ኪሎ የምትመዝን ቪትዝና 2,700 ኪሎ የሚሞላ የተጫነ ፒክአፕ ሁለቱም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ፊት ለፊት ተጋጭተው ቢጣበቁ፣ የፒክአፑ ፍጥነት በ25 ሲለወጥ የቪትዟ በ75 ይለወጣል። አካልን የሚጎዳው ይህ ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ንድፍም ለውጥ ያመጣል። በህንድ የተሠራችው የቀድሞዋ ሱዙኪ ዲዛየር በግሎባል ኤንካፕ የግጭት ፍተሻ ከ5 ኮከብ 2 ስታገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የተፈተነችው አዲሷ በአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ 5 አግኝታለች። ባለአራት ጎማዋ ባጃጅ ኪውት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩሮ ኤንካፕ ያገኘችው 1 ብቻ ነው፤ ከከተማ ውጭ መውጣት የለባትም።

በቂርቆስ መጨናነቅ ውስጥ፣ ፍጥነት ዝቅተኛ በመሆኑ፣ ትንሿ መኪና ታዋጣለች፤ ነዳጅ ትቆጥባለች፣ ጠባብ ቦታም ትቆማለች። ዳገት ላይ ግን ትደክማለች። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፤ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አምስት ሰውና ፖርቶመጋላ ላይ ዕቃ ጭኖ ከካዛንቺስ ወደ 4 ኪሎ ለሚወጣ ይህ በደንብ ይታወቃል። የኤሌክትሪክ መኪና ይህ ችግር የለባትም።

ያገለገለ ቪትዝ የሚገዛ ሰው ቁልፉን ወደ ኦን አዙሮ የኤርባጉን መብራት ይመልከት። በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ፣ ኤርባጉ በቀድሞ ግጭት ፈንድቶ ሳይተካ መብራቱ እንዳያጋልጥ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።